ጥቅሉ ካለ አባባ አለ

በስምንት ዓመቴ በዚህ ዓለም ላይ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ጥቅሉ ካለ አባባ አለ። ሌላው ሁሉ ያከራክራል። በጅቡቲ ከተማ ሰፈራችን በካርቲዬ ሁለት ውስጥ ያልተከራከርኩበት ጉዳይ፣ ያልነጨሁት ፀጉር የለም። በጥቅሉ ነገር ግን ማንም ደፍሮ አይከራከረኝም ነበር።

ጥቅሉ አባቴ ቢላዎቹን የሚይዝበት ቆዳ ነው። አያቴ በባቡር ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የወረደ ምግብ አብሳይ ነበር። ለፈረንሳይ ሹማምንት ሲቀቅል ሲጠብስ ዕድሜውን ጨርሶ ለአባቴ ለእንድሪያስ ያወረሰው ይህንኑ ቡናማ ቆዳ ነው። መሬትም ቤትም አልነበረውም፤ ምን ያውርስ ታዲያ? ቆዳው ሲዘረጋ ለየቢላው የተሰፋ ሰገባ አለው። ከላይ እጀታዎቹ ላይ የሚታጠፍ ክዳን አለው። ከትልቁ ቢላ በኩል ይጀመርና ይጠቀለላል፤ ከዚያ በጠፍር ይታሰራል። የአባባ ቋጠሮ አንዴ ሳብ ሲያደርጉት ልቅቅ የሚል ነበር። እኔ ስሞክረው ግን ሁልጊዜ ይተበተብብኛል።

አባባ በምግብ አብሳይነት የሚሠራው ከከተማ ርቆ፣ በጋላፊ መንገድ፣ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። በረሃ ነው፤ ስልክ አይሠራም። ወር በገባ በወጣ አንዴ ብቅ ይላል። ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ በግራ ብብቱ ሥር ያለውን ጥቅል ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ነው እኔን የሚስመኝ። «ከእኔ ቢላው ይበልጥብሃል!» ብዬ አኮርፋለሁ። «ቢላ ይዞ ሰው አይታቀፍም፣ የኔ እመቤት» ይለኛል።

ሊሄድ ሲል ደግሞ ጥያቄና መልስ አለን። ቢላዎቹን በሳሙና አጥቦ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። እኔ ደረቅ ጨርቅ ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ፤ መንካት ግን አይፈቀድልኝም።

«ዝማሬ፣ ቢላ ከመተኛቱ በፊት ምን ይፈልጋል?»

«መድረቅ!»

«ካልደረቀስ?»

«ይዝጋል! ሰገባውንም ያበሰብሳል!»

«ከዚያስ?»

«ዘይት መቀባት! ከዚያ ብቻ ብቻውን መተኛት!»

«አፍንጫው ወዴት?»

«ወደ ታች!»

«አዎ፣ ወደ ታች። እጀታው ወደ ላይ። ነገ ይህንን ጥቅል የሚፈታው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። እጁ እንዳይቆረጥ ነው» ይለኝ ነበር። እኔ ሌላ ሰው ሲፈታው ፈጽሞ አይታየኝም። ማን ወንድ ይነካዋል? ጎረቤታችን እትዬ ትርንጎ አንድ ቀን ለቅርጫ ሥጋ አንዲት ቢላ ብትለምነው «ትርንጎ፣ ከፈለግሽ አልጋውን ተሸክመሽ ሂጂ፤ ይህንን ግን ተይልኝ» አላት። ሴትየዋ እስከ ፋሲካ ድረስ በዚህ ስትስቅበት ከረመች።

ያ ዓመት እናቴ አዳነች ያረገዘችበት ነው። ወሯ ገብቶ ነበር። ኸምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ ቆርቆሮውን እያንቀጫቀጨ፣ አሸዋውን በጥርሳችን መሀል እየከተተ፣ እማዬ እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ጥላ በሩ ላይ ትቀመጣለች። «ይሄ ልጅ አባቱ ሳይመጣ አይወጣም» ትላለች። አባባም ለወሊዷ እደርሳለሁ ብሎ ነበር የሄደው።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ የጫት መኪኖች ጡሩምባቸውን እያንባረቁ ካለፉ በኋላ፣ መንገዱ ማዕዘን ላይ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ተግተልትለው መጡ። በዚያ ቃጠሎ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል! ጫማቸው ላይ ነጭ አፈር ተለጥፏል። ወደ ቤታችን የሚመጡ መስሎኝ ብድግ አልኩ። እነሱ ግን አንገታቸውን ደፍተው እትዬ ትርንጎ ግቢ ገቡ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሽርጥና ካናቴራ ለብሰው አንድ በአንድ ወጡ፤ ሙሉ ልብሱን በፌስታል አንጠልጥለውታል። እትዬ ትርንጎ መጨረሻ ላይ ብቅ አለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። ደጃችን ስትደርስ ቆማ ነጠላዋን ገለበጠችና በወጉ አጣፋችው፤ ከእንስራው ውሃ ቀድታ ፊቷን ለቀለቀች። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ «አዳነችዬ! ኧረ ይሄ ሙቀት ሊገድለን ነው!» እያለች በሳቅ ገባች።

እኔ በጣም ተናደድኩ። ማታ ለእማዬ ሹክ አልኳት፤ «ድግስ ነበር፤ እኛን አልጠሩንም። ሁሉም ሙሉ ልብስ ለብሰው ነበር። ጫማቸው አፈር በአፈር ሆኗል። እኛን ንቀውን ነው!»

«ተይ እንጂ፣ ማን አግብቶ ይሆን?» አለችኝ እማዬ፣ እግሯን ባልዲ ውስጥ ነክራ።

እነዚያ ሰዎች አባቴን ቀብረው መመለሳቸው ነበር። ሰኞ ዕለት አባባ ለሚስቱ ወሊድ ሊደርስ ከካምፑ ወጥቶ የተሳፈረባት ፒክአፕ ጋላፊ መንገድ ላይ ተገለበጠች። ሾፌሩ ከይረዲን ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መከሩ፤ ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፤ ደንግጣ እሷም ልጇም ይሄዱብናል፤ በሰላም ትገላገል፣ ትንሽ ጠንከር ትበል፣ ከዚያ ይነገራታል አሉ። ሙት በበረሃ ሙቀት አይቆይምና በነጋታው ቀበሩት። ባሏ እሷ ካለችበት ብዙም ሳይርቅ አፈር ሲለብስ እሷ ቤቷ ተቀምጣ በፎጣ ትናፈስ ነበር።

ከዚያ በኋላ እትዬ ትርንጎ በየቀኑ ሰላምታ ማምጣት ጀመረች። «ሾፌሮቹ አልፈው ነበር፤ እንድሪያስ ሰላም ብሎሻል። ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ልቡ እዚህ ነው አሉ።» አንድ ቀን ሐብሐብ ይዛ መጣች፤ «ይኸውልሽ፣ አንቺ እንደምትወጂ አውቆ የላከው ነው» አለች። እማዬ ሐብሐቡን ቆርጣ፣ መሀሉን ለእኔ ሰጥታ «አየሽ አባትሽን?» አለችኝ። እትዬ ትርንጎ ፍሬውን ስትተፋ ቆየች፤ ቀና አላለችም። ሐብሐቡን በገዛ ገንዘቧ ከገበያ እንደገዛችው የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ከይረዲንንም ያየሁት እማዬ ልትወልድ አንድ ቀን ሲቀራት ነው። ክንዱ በነጭ ፋሻ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል። አጥሩ ጥግ ከእትዬ ትርንጎ ጋር ቆሞ ያንሾካሽካል፤ እኔ ደግሞ ከአጥሩ ወዲህ ጆሮዬን ለጥፌያለሁ። መስማት እንጂ መረዳት ማን ሰጥቶኝ?

«ወላሂ እኔ ጋ ማስቀመጥ አልቻልኩም። ባየሁት ቁጥር እንቅልፍ የለም» ይላል።

«ለእኔ ስጠኝ። እስክትገላገል ከአልጋዬ ሥር ይቀመጣል።»

«ትናንት በአንድ እጄ ነው ያጠብኩት። ይለቃል ብዬ ነበር...»

«ዝም በል አሁን፤ ልጅቷ እዚህ አካባቢ አትጠፋም።»

ልጅቷ እኔ ነኝ። የሰማሁትን አገላብጬ አሰብኩና ደረስኩበት፤ ለሚወለደው ልጅ የተደበቀ ስጦታ አለ፤ እማዬ እስክትወልድ አይታይም ማለት ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም። ከአጥሩ ዞሬ መጣሁና ከይረዲንን «እጅህን ምን ሆንክ?» አልኩት። «ፍየል ገጭቼ ነው» አለኝ። ዓይኔን ማየት አቃተው። ሰው እንዴት ለፍየል እንዲህ ያዝናል ብዬ ገረመኝ።

እማዬ ሐኪም ቤት ወለደች፤ ወንድ። ታቅፋው ስትመጣ የሰፈሩ ሴቶች በሩ ላይ ተኮልኩለው ጠበቋት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሉ። ለወንድ ሰባት እልልታ ነው ደንቡ። ጀመሩ፤ አንዴ እልል አሉ፣ ሁለቴ አሉ፣ ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው እየተሰነጣጠቀ እንደ ሳል ሆነና ቀረ። አንዷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እትዬ ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ወደ ጓሮ ሮጠች። እኔ በሴቶቹ አፈርኩ። ወንድሜን እንዲህ አጉድለው ሊቀበሉት? መሀላቸው ገብቼ የቀረውን እልልታ ብቻዬን፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ አሟላሁት። እማዬ ሳቀችና «እሰይ የኔ ልጅ!» አለችኝ። ሴቶቹ አንዳቸውም አልሳቁም።

ስሙን ልደቱ አለችው። «ሌላውን ስም አባቱ ሲመጣ ያወጣለታል» አለች።

በነጋታው እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ጠራችኝ። «ዝማሬ፣ ራስጌዬ ብረት የለም እኮ። አራስ ያለ ብረት አትተኛም፤ ክፉ ነገር ይቀርባታል። የኛ ቢላ እጀታው ወልቋል፤ ሂጂና ከትርንጎ አንዲት ተዋሺልኝ።»

እትዬ ትርንጎ ቤት የለችም፤ ገበያ ሄዳለች። በሯ ግን ለእኛ ተቆልፎ አያውቅም። ጓዳዋን ፈተሽኩ፤ ቢላ አጣሁ። ያን ጊዜ ነው ከአልጋ ሥር ያለው ስጦታ ትዝ ያለኝ። ተንበረከክኩና አንሶላውን ገለጥኩ።

ጥቅሉ ነው።

ጥቅሉ ካለ አባባ አለ! መጥቷል ማለት ነው! ሊያስደንቀን ነው እዚህ የተደበቀው! ከበሩ ኋላ አየሁ፤ የለም። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ፤ የለም። ፀጉሩን ሊቆረጥ ወጥቶ ነው አልኩ፤ እማዬ ዘንድ ሲመጣ ሁልጊዜ ይቆረጣላ! ጥቅሉን እሱ እንደሚይዘው በግራ ብብቴ ሥር አቅፌ በረርኩ። ቆዳው ክንዴን አረጠበኝ። ልብ ብዬ አላሰብኩበትም።

«እማዬ! እማዬ! አባባ መጥቷል! እትዬ ትርንጎ ቤት ተደብቋል!»

ልደቱ ጡት ላይ ነበር። እማዬ እኔን ሳይሆን ብብቴን አየች። ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከአልጋዋ ሥር!»

«እስቲ አምጪው» አለች፣ ቀስ ብላ። ቋጠሮውን ሳብ አደረገችው፤ አልለቀቀም። ተተብትቧል። በጥርሷ ፈታችው። ክዳኑን ስትገልጥ ወዲያው እጇን ሰበሰበች፤ አውራ ጣቷ ተቆርጦ ደሙ አንሶላው ላይ ተንጠባጠበ። ቢላዎቹ ተገልብጠው ነበር። እጀታው ወደ ታች፣ አፍንጫው ወደ ላይ፤ አንዳንዱ ሰገባ ውስጥ ሁለት ሁለት ታጭቋል። ስለታቸው ላይ የዝገት ነጠብጣብ ወጥቷል።

እማዬ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። ድምፅ የለውም። በጣም የተቆረጠች መስሎኝ ጨርቅ ፍለጋ ተሯሯጥኩ።

«ማነው የነካበት? አባባ እንዲህ አያስቀምጥም! ቢላ ብቻውን ነው የሚተኛው!» ብዬ ጮህኩ።

«ቸኩሎ ነው» አለችኝ። «ወደ እኛ ሊመጣ ቸኩሎ ነው። ደረቅ ጨርቅና ዘይት አምጪልኝ።»

አመጣሁላት። በአንድ እጇ ልጁን ደረቷ ላይ ደግፋ፣ በሌላው ቢላዎቹን አንድ በአንድ ወለወለች። እኔ ጫፉን ያዝኩላት፤ ያን ቀን መንካት ተፈቀደልኝ። ቆዳውን እያገላበጠች በጨርቅ መጠጠችው። አንድ ቦታ ላይ፣ ከክዳኑ ሥር፣ ጠቆር ያለ ነገር ነበር፤ እዚያ ላይ እጇ ቆየ። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታም አሸተተችው። ለምን እንደታጠበ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ወጥ የፈሰሰበት መስሎኝ ነበር።

«ሊያስደንቀን ነው አይደል?» አልኳት።

«አዎ» አለች። ድምጿ ደህና ነበር። «ሊያስደንቀን ነው። ስለዚህ እንዳየን ማንም አይወቅ። ለትርንጎም እንዳትነግሪ። ሆድ ይፍጀው፣ እሺ?»

«እሺ! ሆድ ይፍጀው!»

ቢላዎቹን አፍንጫቸውን ወደ ታች አድርጋ፣ እያንዳንዱን በገዛ ሰገባው አስገባችው። ትንሿን፣ የድንች መላጫዋን፣ አስቀርታ ከትራሷ ሥር ሸጎጠቻት። ጠፍሩን በአባባ ቋጠሮ አሰረች፤ እሷም እንደምትችልበት አላውቅም ነበር። «አሁን ውሰጂና ከነበረበት መልሺ» አለችኝ። መለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በልጅነቴ ካየኋቸው ሁሉ ደስ የሚሉት ነበሩ። እንዲህ ማለት ያሳፍራል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ እማዬ ጆሮ ተጠግቼ «ዛሬ ነው?» እላለሁ። «ገና ነው» ትለኛለች። እትዬ ትርንጎም ሰላምታ ማምጣቷን ከዚያ ቀን ወዲህ አቆመች። ሾፌር የለ፣ ሐብሐብ የለ። ይህም ሒሳቤን አጠናከረልኝ፤ ሰውዬው እዚሁ ከመጣ የምን ሰላምታ ያስፈልጋል? እሷ ግን በየማታው ትመጣና የእማዬን እግር በሞቀ ውሃ ታጥባለች። ሁለቱም አይናገሩም። እኔ ከጥግ ሆኜ፣ ምስጢሬ ሆዴን እየኮረኮረኝ፣ ሁለቱንም እያየሁ እስቃለሁ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ወንድሜ ተኝቷል። እማዬ አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች፤ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ። እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። ቀኑ ደረሰ! የጥምቀት ቀሚሴን፣ ነጩን፣ ባለጥልፉን፣ ከሳጥን አውጥቼ በጥድፊያ አጠለቅኩት። ሪባኔን እየሮጥኩ አሰርኩት። በሩን በረገድኩና በሙሉ ድምፄ ጮህኩ፤

«አባባ! አውቀናል! ጥቅልህን አይተናል! ውጣ!»

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ጥቁር ለብሷል። ከይረዲን ባልተሰበረ እጁ ዓይኑን ሸፈነና አጥሩን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እትዬ ትርንጎ «ወይኔ ልጄን!» ብላ አፏን ያዘች። ንስሐ አባታችን አባ ዮሳዲቅ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እኔ በሰዎቹ እግር መሀል እየገባሁ፣ ጥቁሩን ልብስ እየገለጥኩ አባባን ፈለግኩ። አንድ ሽማግሌ ሊይዘኝ ሲል ነከስኩት።

አባ ዮሳዲቅ እንደምንም ወደ ውስጥ ዘለቁ። «አዳነች ልጄ፣ ጽናቱን ይስጥሽ። እንድሪያስን እግዚአብሔር ጠርቶታል» አሉ።

እማዬ ጮኸች። ያ ጩኸት ከሰው የወጣ አልመሰለኝም። መሬት ላይ ወደቀች፣ ደረቷን መታች፣ ፊቷን ቧጠጠች፣ «እንድርዬ! እንድርዬ!» እያለች ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ሴቶቹ ሊይዟት አልቻሉም። ልደቱ ደንግጦ ነቅቶ ያለቅሳል። እኔ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ መሀል ቤት ቆሜያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ጥቅሉ እኮ አለ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ። ልደቱ አድጎ እሱም ምግብ አብሳይ ሆነ፤ አንድ ሆቴል ውስጥ ይሠራል፤ ያንን ጥቅል በግራ ብብቱ ሥር ይዞ ይወጣል፣ ይገባል። ትንሿ ሰገባ ግን ባዶ ናት። «ይቺ ቢላ የት ሄደች?» ብሎ ሲጠይቅ እማዬ ወሬ ትቀይራለች። እኔ ደግሞ እነዚያን ዓመታት ሁሉ አንድ ሐሳብ ሲያነድደኝ ኖሬያለሁ። አራሷን እናቴን «አባባ መጥቷል» ብያት አምናኛለች እላለሁ። ባሏ በጎረቤት ቤት ተደብቆ እየጠበቃት መስሏት እነዚያን ቀናት ከእኔ ጋር በደስታ ቆጥራለች፤ ኋላም ከዚያ ደስታ ላይ ነው የወደቀችው እላለሁ። የጩኸቷን ልክ የማስበው በዚያ ነበር። አንድም ቀን ግን አፍ አውጥቼ አልጠየቅኳትም።

ዘንድሮ እኔም ወለድኩ፤ ሴት ልጅ። የምኖረው ከከተማው ዳር፣ ባልባላ ነው። እማዬ በሚኒባስ ተጋፍታ፣ እያለከለከች መጣች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለችኝና ሳትቀመጥ ቦርሳዋን ከፈተች። ከቆዳ በእጇ የሰፋችው ትንሽ ሰገባ አወጣች። ከውስጡ የድንች መላጫዋ እጀታ ብቅ ብሏል።

«እማዬ» አልኳት፣ «ያን ቀን አባባ መጥቷል ያልኩሽ... ባላልኩሽ ኖሮ እንደዚያ አትጎጂም ነበር። በከንቱ ተስፋ ሰጠሁሽ።»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «የምን ተስፋ?»

«አምነሽኝ ነበር እኮ።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ዝማሬ፣» አለችኝ፣ «ቆዳው እርጥብ ነበር እኮ።»

ከትራሴ ቀና አልኩ።

«አባትሽ ቆሞ እየሄደ ያ ቆዳ ረጥቦ ያውቃል? ቢላስ ገልብጦ ያውቃል? ገና ቋጠሮውን ስነካው ነው ያወቅኩት። የሰው ቋጠሮ ነበር። ያን ማክሰኞ ጫማቸው ላይ አየሁ ያልሽኝ አፈር ያኔ መጣብኝ። ሁሉም ገጠመልኝ።»

«በስመ አብ! ታዲያ... ታዲያ ያን ሁሉ ቀን?»

«ልጁ ጡት ላይ ነበር። ብጮህ ወተቴ ይነጥፋል፣ ልጁም ይከተለዋል አልኩ። ደግሞ አንቺ እንደዚያ ደስ ብሎሽ ቆመሽ... የት ላድርግሽ?»

የዛሬን ያህል በሕይወቴ ደንግጬ አላውቅም፤ በዚያ ጎህ እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም። ያቺ እግሯን ስትታጠብ ዝም ብላ የተቀመጠች ሴት፣ «ገና ነው» ስትለኝ የነበረች ሴት ሁሉንም ታውቅ ነበር።

«እትዬ ትርንጎስ?» አልኳት በመጨረሻ።

«እሷማ ዕለቱን ጥቅሉን ፈትታ ሳታየው አትቀርም። ደርቋል፣ ዘይት ተቀብቷል፣ አንዷ ጎድላለች። በማግስቱ መጣች፤ ሰላምታ አላመጣችም። ውሃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ። እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን አላነሳነውም። ሽማግሌዎቹ ያን ያህል ደክመው የደበቁትን አፍርሼ ላሳፍራቸው? ቀናቸውን ጠበቅኩ።»

«ያን ጠዋት ጩኸትሽ ግን...»

«ያን ጠዋትማ» አለችና ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች፣ «እንዳለቅስ ተፈቀደልኝ።»

ቢላዋን ከነሰገባዋ ትራሴ ሥር ከተተች፤ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው፣ እጀታዋን ወደ እጄ አዙራ። እንባዬ መጣ፤ ከሆዴ ሙሉ ጩኸት ተነስቶ ጉሮሮዬ ደረሰ። በዚያው ቅጽበት ልጄ ነቃችና አፏን ከፍታ ጡት መፈለግ ጀመረች።

እማዬ አንስታ ክንዴ ላይ አስቀመጠቻት። «አሁን አጥቢ» አለችኝ። «ኋላ ታለቅሺያለሽ።»